ከበሩ የማይዘልቅ ጠመንጃ

የአባቴን ጠመንጃ የወታደር ካምፕ በር ላይ አስረክቤ ገባሁ፤ ተመልሼ ስመጣ ጠመንጃው አልነበረም። የተቀበለኝ አሥር አለቃ ይርዳው ነበር። ለሌላ ሰው ሰጠው። በደሉ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዳባት እስከ ደባርቅ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ። ጠላ ቤት አወራሁ፣ ለቅሶ ቤት አወራሁ፣ መናኸሪያ ቆሜ ለማላውቀው መንገደኛ አወራሁ።

ዓምና በጥቅምት መጨረሻ ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ ከጎኔ የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ ለጓደኛዋ፣ «ያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሞተ እኮ» አለቻት።

«የቱ?»

«ዱላ ይዞ የሚቆመው ነዋ! ወታደር የነበረው። ጠመንጃ ሰርቆ ተባረረ የሚሉት።»

«እሱ ነው? ነፍስ ይማር። ሲያዩት እንኳ ሌባ አይመስልም ነበር።»

ጠመንጃ ሰርቆ የሚለው ቃል የእኔ ነው። ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ በስንቱ ሰው አፍ ዞሮ፣ ሽንኩርት ነጋዴ ዘንድ ደርሶ ተመልሶ ጆሮዬ ገባ። «አልሰረቀም» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ማንም አይደበድበኝም። ደባርቅ እስክንደርስ በመስኮት የገብስ ማሳ እያየሁ ሄድሁ።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደባርቅ ያለው ካምፕ ዙሪያውን በድንጋይ ሲታጠር ከሌሎች ግንበኞች ጋር ተቀጠርሁ። ቤቴ በዳባት መንገድ ከደባርቅ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። እኛ አገር ወንድ መንገድ ሲወጣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው፤ ለገበያም፣ ለሰርግም፣ ለለቅሶም። ጅብ አለ፣ የድንበር ጠበኛም አይጠፋም፤ ዋናው ግን ባዶ ትከሻ ያሳፍራል። እኔም የአባቴን ምንሽር አንግቼ ሥራ ገባሁ። በሩ ላይ አንድ አጭር፣ ጉንጩ የጎደጎደ ወታደር ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

«የግል መሣሪያ ከበሩ አይዘልቅም። ስም?»

«ማሩ» አልሁት።

«ያንተን አይደለም። የሱን።» በአገጩ ጠመንጃውን አመለከተኝ።

«ምንሽር ነው፤ አይታይህም?»

«ምንሽርማ ዘሩ ነው። ክርስትና ስም የለውም?»

አባቴ «አይምሬ» ይለው ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ስም የጠራው አልነበረም። ነገርሁት። መዝገቡ ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔም ስም አይምሬ ሆነ፤ ይርዳው ሰውን ሁሉ የሚጠራው በጠመንጃው ስም ነበር።

ያን ቀን ግን እንደዋዛ አልሰጠሁትም። ማንገቻውን ጨብጬ ቆምሁ። «እኔ ከዚህ ጠመንጃ ተለይቼ አላውቅም» አልሁ።

«ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ቅዳሴ ስትሄዱ በየትኛው በር ትገባላችሁ?»

«እኔ በወንዶቹ፣ እሷ በሴቶቹ።»

«ስትወጣ አጥተሃት ታውቃለህ?»

«ኧረ ወዲያ!»

«እንግዲያስ ይኸም እንደዚያው ነው። አንተ ገብተህ ሥራህን ሥራ፣ እሱ እዚህ ይጠብቅህ።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ግንበኛ ሁሉ ሳቀ። አወረድሁና ሰጠሁት። ሁለት እጁን ከሥር አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ነው የተቀበለኝ። ጥይቱን አወጣ፣ ቆጥሮ አሳየኝ፣ ከግድግዳው ላይ ሰቀለው። ማታ ስወጣ ጠመንጃዬ በዘይት ጨርቅ ተወልውሎ ጠበቀኝ። የስሜን ጉም ብረት እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቃል። ይርዳው የሁላችንንም ጠመንጃ በየቀኑ ይወለውል ነበር፤ ማንም አላዘዘውም። አንቱ ስለው «እኔ ጄኔራል አይደለሁም» ብሎ ከለከለኝ።

አንድ ቀን ከጎንደር አንድ ትልቅ መኮንን የሲቪል ልብስ ለብሶ መጣ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ። ወታደሩ ሁሉ ሰላምታ ሰጠ፤ ይርዳውም ሰጠ፤ ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«የመንግሥት ነው የግል፣ ጌታዬ?»

«የግሌ ነው። ምነው?»

«የግል መሣሪያ ከበሩ አይዘልቅም።»

«ታውቀኛለህ?» አለ መኮንኑ።

«እርስዎን አውቅዎታለሁ ጌታዬ። የማላውቀው እሱን ነው።»

እኛ ድንጋያችንን ይዘን በቆምንበት ደረቅን። አሁን ይጮህበታል ስንል መኮንኑ ሽጉጡን ፈታና ሰጠው። ይርዳው ብዕሩን አነሣ። «ስሙ ማን ይባላል?»

«የማን? የሽጉጡ? ስም የለውም።»

«"ስም የለሽ" ብዬ ጽፌዋለሁ» አለና መዝገቡን ዞር አድርጎ አስፈረመው።

ያን ዕለት ምሳ ላይ፣ «እንዲህ አድርገህ ቢያሳስርህስ?» አልሁት። ቆሎውን እያላመጠ መለሰልኝ። «ሌላ ካምፕ ሳለሁ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ፤ በአንድ ብርድ ልብስ የሚተኙ። አንደኛው ከቤቱ ያመጣው ሽጉጥ ነበረው። በካርታ ጨዋታ ተጣሉ። የመንግሥት ጠመንጃ በትእዛዝ ነው የሚተኮስ፣ አይምሬ፤ የግሉ በንዴት ነው። የሞተውን ያጠብሁት እኔ ነኝ።»

ይርዳው ወታደር ሳይሆን በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ጽሕፈቱ እንደ ድጓ ጸሐፊ ያማረ ነው። አንድ ቀን እኔ የጠረብሁትን ድንጋይ አምጥቶ በከሰል አራት ፊደል ጻፈበት፤ አ፣ ይ፣ ም፣ ሬ። «ይህን የሚያህል ድንጋይ ጠርበህ ታቆማለህ፤ አራት ፊደል ያቅትሃል?» አለኝ። አላቃተኝም። በሦስት ምሳ ሰዓት ለየኋቸው። በአራተኛው ቀን አዱኛ አየኝ።

አዱኛ ከጎረቤት ጎጥ የመጣ ግንበኛ ነው። ከአንድ አገልግል እንበላለን፤ መንገድም አብረን ነን። «ኧረ ጉድ!» ብሎ ጮኸ፤ «መሪጌታ ማሩ! አንድ ቅኔ ይዝረፉልን እንጂ!» ሰው ሁሉ እየመጣ ሳቀብኝ። አርባ ዓመቴ ነበር። ምራቄን እንትፍ ብዬ በእጄ መዳፍ ፊደሉን ጠረግሁት።

«የምፈርምበት ጣት አለኝ፤ ይበቃኛል» አልሁ።

«ጣትህ አያነብም እኮ» አለ ይርዳው። ከሰሉን ኪሱ ከተተና ወደ በሩ ሄደ።

አዱኛን «ወንድሜ» ነበር የምለው። በእኛ ዘንድ ይህ ቃል ርካሽ ነው፤ አብሮህ የበላ ሁሉ ወንድምህ ነው። «ወንድሜ፣ ድንጋይ አቀብለኝ።» ማታም በሩ ላይ፣ «ይርዳው፣ የወንድሜን ቤልጅግ ጠመንጃ ስጠው፣ ቸኩለናል።» የእናቴ ልጅ፣ እውነተኛው ወንድሜ፣ በላይ ይባላል። በላይ ቤት ሆኖ የሚያርስ ሰው ነው፤ በዚያ ካምፕ በር አልፎ አያውቅም።

አንድ ቀን ትልቅ የማዕዘን ድንጋይ ከመደገፊያው ሸሸና እግሬ ላይ ወረደ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። በቃሬዛ አድርገው በካምፑ መኪና ወደ ጎንደር ሊወስዱኝ ሲያወጡኝ ይርዳው መዝገቡን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አይምሬስ? ለማን ልስጠው?»

«ወንድሜ ይውሰደው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ወንድሜ ይውሰደው ብለሃል። ልጻፍ?»

«ጻፍ! ልቀቁኝ! ጻፍ!»

ጻፈ። ጣቴን ቀለም አስነካና ከቃሉ ሥር አሳረፈው። እኔ በላይን ነበር ያልሁት። እሱ አዱኛን ሰማ። ያን ቀን ሁለታችንም አልዋሸንም። ውሸት የመጣው ኋላ ነው።

ጎንደር ሁለት ወር ተኛሁ። አዱኛ በሦስተኛው ቀን ጠመንጃውን ተረክቦ፣ በሳምንቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። በዚያው ቀረ። አንዱ ሸጦታል አለ፣ ሌላው ሱዳን ገብቷል አለ። ምንሽሩ ቆላ ወርዶ ቀረ።

በምርኩዝ ቤቴ ስገባ በላይ የጠየቀኝ መጀመሪያ እግሬን አይደለም። «የአባታችን ጠመንጃ የታለ?» ነው ያለኝ። ተያይዘን ካምፑ በር ሄድን።

«እንኳን እግዚአብሔር ማረህ!» አለ ይርዳው፤ ፊቱ በራ። «ለወንድምህ ሰጥቼዋለሁ፤ አልደረሰህም?»

«ወንድሜ ይኸው! በላይ ነው ወንድሜ!»

ይርዳው በላይን አየው። ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ። «ይህን ሰው ዛሬ ማየቴ ነው። በየቀኑ ወንድሜ፣ ወንድሜ የምትለው አዱኛን አይደለም?»

እውነቱን ነበር። እዚያው እንደቆምሁ ገባኝ። ግን በላይ ከኋላዬ ቆሟል። «ሌባውን ወንድሜ ብዬ የሾምሁት እኔ ነኝ፤ የአባታችንን ጠመንጃ የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብዬ እንዴት ልዙር? በአገሬ እንዲህ ያለውን ሰው ልጆች ሳይቀሩ ስም ያወጡለታል። ስለዚህ ጮኽሁ። «እኔ ምንም ቃል አልወጣኝም! ራሴን ስቼ ነበር! ጣቴን ባዶ ወረቀት ላይ አስነክተህ የፈለግኸውን ኋላ ጨመርህበት!»

ነገሩ ካምፑ ውስጥ ለምርመራ ቀረበ። ሦስት መኮንኖች ተቀመጡ። ይርዳው ከመዝገቡ አነበበላቸው። ተራዬ ሲደርስ ምርኩዜን ተደግፌ ቆምሁና እንዲህ አልሁ፦ «ጌቶቼ፣ እኔ መሃይም ነኝ። ማንበብ አልችልም፤ ባዶ ወረቀትና የተጻፈበትን ግን እለያለሁ። ባዶ ነበር። የተማረ ሰው በመሃይም ጣት ምን የማይሠራው አለ?»

መኮንኖቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንደረታሁ ያን ጊዜ አወቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሳፍረኝ የኖረውን መሃይምነት ጠመንጃ አድርጌ ሰው ላይ ተኮስሁበት።

«ትምላለህ?» አሉኝ።

«ማርያምን!» አልሁ። እጄን አንሥቼ ማልሁ።

ይርዳውን «እሱን የምትጠይቀው አለህ ወይ?» አሉት። የሚከራከር መስሎኝ ጥርሴን ነከስሁ። ዞር ብሎ አየኝና፣ «እግርህ ዳነ?» አለኝ።

የሰው መሣሪያ ያለ ምስክር አስተላልፎ ሰጥቷል፣ መዝገብም አበላሽቷል ተብሎ ማዕረጉን ገፈፉት፤ ከሠራዊቱም ተሰናበተ። ሚስቱና ልጆቹ ደባርቅ ስለነበሩ ከተማው ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ገባ። ወሬዬ ቀድሞት ደርሷልና ጠመንጃ አልሰጡትም፤ ዱላ ሰጡት። ስንት ሰው ጠመንጃውን አምኖ ያስረከበው ሰው በዱላ በር ይጠብቅ ጀመር። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውሁ፤ ገበያ ስሄድ በላይኛው በኩል እዞር ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት ከዚህ በኋላ ነው። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ከፈተና ገባሁ። ለእውቀት ፍቅር አይደለም፤ በእልህ ነው። ስለ ጠመንጃዬ ካሣ እንዲሰጠኝ ማመልከቻ በገዛ እጄ ልጽፍ አስቤ ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጻፍሁትና ካምፑ ወስጄ ለአንድ ጸሐፊ ሰጠሁት። ጸሐፊው ማመልከቻዬን አይቶ፣ «ራስህ ነህ የጻፍኸው? ጎበዝ! እንግዲያው ይህንንም ራስህ አንብበው» ብሎ አሮጌውን መዝገብ ከፍቶ አስቀመጠልኝ።

በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። «አይምሬ። ባለቤቱ ማሩ እግሩ ተሰብሮ ወደ ጎንደር ሄደ። ለማን ልስጥ ብለው ወንድሜ ይውሰደው አለ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ጻፍ አለ።» ከሥሩ የእኔ ጣት አለ። ቀለሙ ፊደሉ ላይ ወጥቶበታል፤ ቃሉ ቀድሞ እንደተጻፈ ዕውር እንኳ ይለየዋል። ወረድ ብሎ፦ «አይምሬ። ወንድሙ አዱኛ ተረከበ።» ቀጥሎ፦ «ከጎንደር የመጣውን ሾፌር ጠየቅሁ። የማሩ እግር አይቆረጥም ይላል። ተመስገን።» ከዚያ በመጨረሻው፣ በዚያው ባማረ እጅ፦ «አይምሬ። ባለቤቱ ቃሉን አልሰጠሁም ብሎ ማለ። የአባት ዕቃ ማጣት ሰውን ያስክዳል። አልፈርድበትም።»

«አነበብኸው?» አለኝ ጸሐፊው።

«ጽሕፈቱ ደቀቀብኝ፤ አልተነበበልኝም» አልሁት። ማንበብ በቻልሁበት ቀን ማንበብ አልችልም ብዬ ዋሸሁ። ማመልከቻዬን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድሁ። ስግደት ቀላል ነው፣ ማንም አያይህም። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ እንደ አገሬ ልማድ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ፣ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄድሁ። ይርዳው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እስክንደርስ ቆሞ ጠበቀን።

«አጥፍቻለሁ፣ ስለ ማርያም ይቅር በለኝ» አልሁ ጎንበስ ብዬ።

«ድንጋዩን አውርደው» አለ። «ግንበኛ ድንጋይ ቢሸከም ሥራው ነው እንጂ ንስሐ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እሱም አልሳቀም።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ያ ድሮ አልቋል። ግን በአፍህ የካድኸውን በአፍህ ብቻ አልቀበልህም። ተምረሃል አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ጻፍልኝ። አንድ ገጽ። ቃሉን ሰጥቼው ነበር፣ በሐሰት ማልሁ ብለህ ለካምፑ ስጥልኝ። ልጆቼ የሌባ ልጅ እየተባሉ ነው።»

«እጽፋለሁ» አልሁ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ሽማግሌዎቹ መረቁን።

አልጻፍሁም። መጀመሪያ አዝመራ ነው አልሁ፤ ቀጥሎ እርሻ ነው አልሁ፤ ክረምት ነው፣ ወረቀት ይርሳል አልሁ። እውነቱ በላይን ፈርቼ ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ መካከል ፊት ለፊት ተገጣጠምን። «እንዴት ነው አይምሬ፣ ፊደሉ ጠፋብህ እንዴ?» አለኝ በቀልድ።

«እየጻፍሁት ነው።»

«አይዞህ፤ ረጅም ነገር አይደለም» አለኝ። እውነትም ረጅም ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ይኸው መሞቱን ከሽንኩርት ነጋዴዋ አፍ ሰማሁ።

ከሚኒባሱ እንደወረድሁ ወረቀት ገዝቼ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥሁና ጻፍሁት። ሻዩ ሳይበርድ አለቀ። ቤቴ ገብቼ ለበላይ አነበብሁለት። በላይ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝና፣ «በሩ ላይ ያን ቀን ፊትህን አይቼው ነበር» አለኝ።

«አውቀህ ነው ዝም ያልኸኝ?»

«አንተ ታላቄ ነህ። ልዋረድ ካላልህ እኔ ላዋርድህ?»

ስፈራው የኖርሁት ሰው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር።

ካምፑ ወረቀቴን ተቀበለኝ። ወደ ከፍተኛው ክፍል ይመራል አሉ። በሐሰት መማሌን በራሴ ላይ መመስከሬ ገርሟቸው ሁለት ጊዜ ጠርተው ጠየቁኝ፤ ሁለት ጊዜም ያንኑ ተናገርሁ። ዓመት ሊሞላው ሲል ለሚስቱ ለወይዘሮ ስንዱ ደብዳቤ መጣላት። የይርዳው ሙት ዓመት ሊወጣ የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ። ሳትከፍተው አቆየችው።

በተዝካሩ ዕለት ዳሱ ውስጥ ሰው በልቶ ካበቃ በኋላ እኔ ወደ ተቀመጥሁበት ጥግ መጣች። ፖስታውን ዘረጋችልኝ።

«ልጆቹ ያንብቡት፣ እመቤቴ» አልኋት።

«ሲናገሩ የኖሩት እርስዎ አይደሉ? ያንብቡት። ተነሥተው ያንብቡት።»

ተነሣሁ። ማንበብ እስከ ዛሬ ያደናቅፈኛል። በቀድሞው አሥር አለቃ ይርዳው ላይ የተወሰደው እርምጃ ተሽሯል ይላል፤ ማዕረጉ ተመልሶለታል፤ መሣሪያውን ያስረከበው በባለቤቱ ቃል መሠረት እንደነበርና ባለቤቱ በሐሰት መማሉን በጽሑፍ አረጋግጧል ይላል። ቀጥሎ የእኔ ስም ከነአባቴ አለ። እዚያ ስደርስ ቆምሁ።

«ይቀጥሉ» አለችኝ።

የእኔንም የአባቴንም ስም ጮክ ብዬ አነበብሁት። የሚስቅም የሚቆጣም አልነበረም። ትልቁ ልጁ መጥቶ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደና አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ ጥቅምት 27 ቀን ነው።